ስልክ ላይ የገባ ሁሉ ትርፍ አይደለም

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ራሽን፣ ስለ ውኃና ስለ ሪሴትልመንት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ብዙዎቻችን ስሙን መስማት የማንወደው ነገር ነው፤ ግብር። በተለይም በስልክና በኢንተርኔት እየሸጡ ኑሯቸውን የሚደጉሙ የካኩማ እህቶችና ወንድሞች ግብር የሚታሰብበትን ትርፋቸውን እንዴት ማውጣት እንዳለባቸው ለመናገር ነው። አካውንታንት አይደለሁም። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የማስተምረውም የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። መደመር፣ መቀነስና መቶኛ ማወቅ ይበቃል። የጎደለን ዕውቀት ሳይሆን ደብተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 2025 አንድ ምሽት ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዲት ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እኚህ እናት ዳንቴል ይሠራሉ፤ የሶፋ፣ የጠረጴዛና የአልጋ ልብስ። ፎቶውን በፌስቡክና በዋትስአፕ ይለቃሉ፤ ናይሮቢ ኢስሊ ያሉ ሐበሾችና ኬንያውያን ያዛሉ፤ ገንዘቡ በኤምፔሳ ይገባል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይጫናል። «መምህር፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቷ ላይ 14,340 ተጽፏል። ለሰው ቅጽ የሚሞላ አንድ የኮምፒውተር ቤት ልጅ ነው የጻፈላቸው። የ2024ን የኤምፔሳ መግለጫ አውጥቶ፣ የገባውን ገንዘብ በሙሉ ደምሮ 478,000 ሽልንግ አገኘ። በ3 በመቶ አባዛውና «ማማ፣ እስከ ጁን 30 ይህን ካልከፈልሽ ትቀጫለሽ፤ ብሩን ለኔ ላኪውና እኔ እከፍልልሻለሁ» አላቸው።

14,340 ሽልንግ ለሳቸው ከአንድ ወር የክር መግዣ በላይ ነው። ሊከፍሉ ተዘጋጅተው ነበር። የዕቁብ ዳኛውን ብድር ጠይቀው ጨርሰዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ይባል የለ? እንጠብቅ ብዬ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን የሚያወጣውን ማብራሪያ ሦስት ቀን መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩ። መጨረሻ ላይ የደረስንበት ቁጥር 14,340 አልነበረም። ዜሮ ነበር። እንዴት ዜሮ እንደሆነ ነው የማሳያችሁ፤ ምክንያቱም ይህች ሒሳብ የሳቸው ብቻ አይደለችም።

መጀመሪያ የልጁን ስህተት እንይ። ያ 3 በመቶ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በኬንያ ሕግ የሽያጭ ግብር፣ ማለትም ተርንኦቨር ታክስ የሚባል አለ። ወጪ ሳይቀነስ በጠቅላላ ሽያጭ ላይ የሚከፈል ነው፤ መጠኑም ከጁላይ 2023 ጀምሮ 3 በመቶ ሆኗል። ነገር ግን የሚመለከተው የዓመት ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን በላይ እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሆነውን ነጋዴ ነው። ከ1 ሚሊዮን በታች የሚሸጥ ሰው በዚያ መንገድ አይሄድም። እሱ የሚከፍለው እንደማንኛውም ግለሰብ በትርፉ ላይ ነው፤ ትርፍ ማለትም ከሽያጩ ለሥራው የወጣው ተቀንሶ የሚቀረው ነው። እንግዲህ ትርፋችንን ካላወቅን የሚመለከተንንም የማይመለከተንንም እየከፈልን እንኖራለን።

የመጀመሪያው ሥራ የገባውን ገንዘብ መለየት ነው። ኤምፔሳ የገንዘቡን ምንጭ አይለይም፤ የሽያጭም ይሁን የስጦታ «ገባ» ብሎ ያልፋል። የጎረቤቴን 478,000 አንድ በአንድ ስናየው 40,000ው ዕቁብ ሲደርሳቸው የተቀበሉት ነው። ዕቁብ የራሳችን ቁጠባ ተመልሶ የሚመጣበት ነው እንጂ ገቢ አይደለም፤ በየሳምንቱ የምንጥለውም ወጪ ተብሎ አይቀነስም። 26,000ው ደግሞ ውጭ አገር ያለ ወንድማቸው ለበዓል የላከው ነው። ይህም ሽያጭ አይደለም። እነዚህ ሲወጡ 412,000 ቀረ። ከዚያ ውስጥ 12,000ው ዕቃ ተበላሽቶ ወይም ሳይደርስ ቀርቶ ለደንበኛ የመለሱት ነው። ስለዚህ እውነተኛው የዓመቱ ሽያጭ 400,000 ሽልንግ ሆነ። ልብ በሉ፣ ገና ወጪ ሳንነካ 78,000 ሽልንግ ከልጁ ሒሳብ ወጣ።

ሁለተኛው ሥራ ወጪን መጻፍ ነው። ሕጉ የሚለው ገቢውን ለማግኘት ሲባል ብቻ የወጣ ወጪ ይቀነሳል ነው። እዚህ ላይ ክር ትልቁ ወጪ ነው፤ ትልቁ ስህተትም የሚሠራው እሱ ላይ ነው። የተገዛው ክር በሙሉ የዚያ ዓመት ወጪ አይሆንም። ጃንዋሪ 1 ቀን ቤት ውስጥ የ8,000 ሽልንግ ክር ነበር፤ በዓመቱ 142,000 ተገዛ፤ ዲሴምበር 31 ላይ ክሩና ያልተሸጠው ዕቃ ሲቆጠር 22,000 ቀረ። 8,000 እና 142,000 ተደምሮ 22,000 ሲቀነስ 128,000 ይሆናል። የዓመቱ የክር ወጪ እሱ ነው። የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። በዓመቱ መጨረሻ ቀን ቤት ያለውን ዕቃ መቁጠር ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ እንደሚከተለው ነው።

ክር፦ 128,000
አብረዋቸው ለሚሠሩ ሁለት ሴቶች የተከፈለ፦ 66,000
የአውቶቡስ ጭነት፦ 31,000
ናይሮቢ ዕቃ ለምታስረክበው ልጅ ኮሚሽን፦ 14,000
ለኢንተርኔት ጥቅል ለሥራው የወጣው፦ 12,000
የፌስቡክ ማስታወቂያ፦ 9,500
ማሸጊያ፦ 7,000
የኤምፔሳ መላኪያና ማውጫ፦ 6,500
የካውንቲ የንግድ ፈቃድ፦ 5,000
የላፕቶፕ የዓመት ድርሻ፦ 5,000
ድምር፦ 284,000

ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ላብራራ። ለኢንተርኔት በዓመት የወጣው 24,000 ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ስልክ ልጆቹ ፊልም ያያሉ፣ ከዘመድ ጋርም ይወራበታል። ስለዚህ ግማሹን ብቻ ጻፍን። ሙሉውን መጻፍ ያምራል፤ ቢጠየቁ ግን መልስ የለውም። ላፕቶፑ ሁለተኛ እጅ ነው፤ ለሥራው ብቻ በ20,000 ተገዛ። ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ በአንድ ጊዜ አይቀነስም፤ ለኮምፒውተር ሕጉ የሚፈቅደው 25 በመቶ ነውና ለመጀመሪያው ዓመት 5,000 ያዝን። የካውንቲው ፈቃድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ለቱርካና ካውንቲ ከፍያለሁ፤ ግብሬን ጨርሻለሁ» የሚሉ አሉ። አይደለም። የካውንቲ ፈቃድ ሌላ፣ የገቢ ግብር ሌላ። ፈቃዱ ግን እንደ ወጪ ይቀነሳል፤ ወረቀቱን አትጣሉት።

የማይቀነሰውንም ልንገራችሁ። የቤት አስቤዛ፣ የልጆች ዩኒፎርም፣ የቡና ወጪ አይቀነስም። ለራሳችን «ደመወዝ» ብለን የወሰድነውም አይቀነስም፤ የባለቤቱ ድካም ዋጋ ያው ትርፉ ነው። ዕቃ እንዲያልፍ ተብሎ መንገድ ላይ የተሰጠች «ኪቱ ኪዶጎ»ም የትም አትጻፍም። እሷ ከኪሳችን ወጥታ የቀረች ናት።

እንግዲህ ከ400,000 ላይ 284,000 ሲቀነስ ትርፉ 116,000 ሽልንግ ነው። በወር ሲታሰብ 10,000 እንኳ አይሞላም። ይህን ስነግራቸው እኚህ እናት ዝም አሉ። ከዚያ «ይህን ሁሉ ሌሊት ተቀምጬ ይቺው ናት?» አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከግብሩ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ናት ልቤ ውስጥ የቀረችው። ስልካቸው ላይ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሲገባ ስላዩ ሀብታም እየሆኑ መስሏቸው ነበር። ጎረቤትም «ዶላር ታፍሳለች» ይል ነበር። ሒሳቡ ሲወጣ ግን ከአልጋ ልብሱ ይልቅ የሶፋው ዳንቴል እንደሚያዋጣ፣ ጭነትም ከክርና ለሴቶቹ ከሚከፈለው ቀጥሎ ከሌሎቹ ወጪዎች ሁሉ በላይ እንደሚበላቸው አዩ። ደብተር ለመንግሥት ብቻ አይደለም የሚጻፈው።

ሦስተኛው ሥራ ግብሩን ማስላት ነው። ለ2024 ዓመት በኬንያ ሕግ የአንድ ግለሰብ የመጀመሪያ 288,000 ሽልንግ የዓመት ገቢ 10 በመቶ ይታሰብበታል፤ ቀጥሎ ያለው 100,000 ደግሞ 25 በመቶ። ከዚያ ከተሰላው ግብር ላይ ለእያንዳንዱ ነዋሪ 28,800 ሽልንግ ይቀነስለታል። የ116,000 አሥር በመቶ 11,600 ነው። 28,800 ሲቀነስለት የሚከፈል አይኖርም። ዜሮ። ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ትርፉ 288,000 እስኪደርስ ድረስ ቅጹን ይሞላል እንጂ ገንዘብ አይከፍልም ማለት ነው። ሌላ ደመወዝ ያለው ግን ሁለቱን ይደምራል፤ ያቺ ቅናሽ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ናት።

ዜሮ ነው ማለት ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ፒን ቁጥር ያወጣ ሰው በየዓመቱ እስከ ጁን 30 ድረስ በአይታክስ ማስታወቅ አለበት፤ ሽያጭ ከነበረው ሽያጩንና ወጪውን፣ ምንም ካልነበረው ምንም አለመኖሩን። ግብር የሚደርስበት ሰው ደግሞ ገንዘቡን እስከ አፕሪል 30 ከፍሎ መጨረስ አለበት። እኛ አገር ቤት የምናውቀው የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለነበረ ብዙዎቻችን ይምታታብናል። እዚህ የግለሰብ ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ያላስታወቀ ግለሰብ ቅጣቱ ቢያንስ 2,000 ሽልንግ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። እኔ ራሴ በ2021 ለባንክ ሒሳብ ብዬ ፒን አወጣሁና ረሳሁት፤ በ2022 2,000 ሽልንጉን ከኢንሴንቲቬ ላይ ከፈልኩ። ምንም ሳልሸጥ! ክፍያ ካለም በአይታክስ ላይ በሚወጣ የክፍያ ቁጥር በቀጥታ ለመንግሥት ይገባል። በማንም ሰው የግል ስልክ አይላክም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በኬንያ አንድ የንግድ ወጪ እንዲቀነስ ኢቲምስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ መደገፍ አለበት። ደመወዝን የመሳሰሉ የተለዩ ነገሮች ቢኖሩም አብዛኛው ግዢ ደረሰኝ ይፈልጋል። የኛ ካምፕ ክር ቤት ግን እንኳን የኤሌክትሮኒክ፣ የእጅ ደረሰኝም አይሰጥም። ታዲያ ምን ይመጣል? ክሩ በሙሉ ሳይቀነስ ቢቀር የጎረቤቴ ትርፍ በወረቀት ላይ 244,000 ይሆናል፤ ያኔም ዜሮ ናቸው። ለሴቶቹ የከፈሉት 66,000ም ማስረጃ የለውም ተብሎ ቢጣል ግን 310,000 ይደርሳል፤ ከ288,000 በላይ ባለው 22,000 ላይ 25 በመቶ፣ 5,500 ሽልንግ ይከፍላሉ። ላላገኙት ትርፍ ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ቅሬታዬ ነው፤ በግልጽ እጽፈዋለሁ። ከካምፑ ወጥቶ ናይሮቢ ለመግዛት የጉዞ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሰው «ደረሰኝ ካላመጣህ ወጪህን አልቀበልም» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ መርጦ የመግዛት ዕድሉ የለውም። ነገር ግን ቅሬታው እስኪሰማ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይበጅም። ኢቲምስ በተራ ስልክ በ*222# የሚሠራ ቀለል ያለ መንገድ አለው። ሻጩ ፒን ካለው ይችላል። ከአንድ ቤት አሥር ሰው ሆነን ክር የምንገዛ ከሆነ «ደረሰኝ ካልቆረጥክ ሌላ ጋ እንሄዳለን» ማለት እንችላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? እኛም ስንሸጥ ደረሰኝ እንድንሰጥ ያው ሕግ ያዘናል።

«ስደተኛ ግብር ይከፍላል እንዴ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው የሚያስቀይም አይደለም። የራሽን ካርድ ይዞ የተሰለፈ ሰው መንግሥት ከእኔ ምን ይፈልጋል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የገቢ ግብር ሕጉ የሚጠይቀው ዜግነትን ሳይሆን ነዋሪነትን ነው። እዚህ ቤት ሠርተን የምንኖር ሰዎች ነዋሪ ነን፤ ያቺ 28,800 የምትቀነስልንም ነዋሪ ስለሆንን ነው። ደግሞስ መች ሳንከፍል ቀረን? ሳሙና በገዛን ቁጥር ቫት 16 በመቶ እየከፈልን ነው።

ለዓመታት «የመሥራት መብት ይሰጠን» እያልን ስንጮኽ ነበር። የ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ተቀጥሮ ወይም ነግዶ የመሥራት መብት እንዳለው ጻፈ። ከዚያም በፊት በ2018 አይ.ኤፍ.ሲ ያወጣው ጥናት ካኩማን እንደ ገበያ አይቶ ከ2,000 በላይ ንግዶች እንዳሉባት ቆጥሯል። እንደ ነጋዴ መቆጠር ደስ ካለን ነጋዴ የሚይዘውን ደብተር መያዝም የኛ ነው።

ደብተር የሌለው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በፈረንጆች ጁላይ 2017፣ አገር ቤት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የነበረው የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም። ስለዚህ ገማች መጥቶ የቀን ገቢያቸውን ገመተ። ግምቱ ሲሰማ ስንቱ ደነገጠ! በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ ሕዝብ ተቆጣ። ገማቹ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «ተሳስተሃል፣ ይኸው» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት በብዙው ነጋዴ እጅ አልነበረም። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅም ለጎረቤቴ ያደረገው ያንኑ ነው። ደብተር ስላላዩ የራሱን ግምት ጻፈላቸው።

ሥራው ሲያድግም ደብተሩ ያስፈልጋል። የሳቸው ሽያጭ አንድ ቀን 1,200,000 ቢደርስ በ3 በመቶው መንገድ 36,000 ሽልንግ ይከፍላሉ፤ በየወሩም እስከሚቀጥለው ወር 20ኛ ቀን ድረስ እያስታወቁ። ትርፋቸው እንዳሁኑ ከመቶ 29 ከሆነ ግን በትርፍ መንገድ በ2024 መጠን ቢታሰብ የሚደርስባቸው 15,000 ነው። ሕጉ ለኮሚሽነሩ በጽሑፍ አስታውቆ ከሽያጭ ግብሩ ወጥቶ በትርፉ መክፈልን ይፈቅዳል። ነገር ግን የትኛው እንደሚሻለው ማወቅ የሚችለው ትርፉን የጻፈ ብቻ ነው። መጠኑ ደግሞ የናይሮቢ ፓርላማ በሚያወጣው የፋይናንስ ሕግ ሊለወጥ ስለሚችል በየዓመቱ ማጣራት ነው። የ2024ን ቁጥር ዘላለም ይዛችሁ እንዳትቀመጡ።

አሁን የምጠይቀውን ልጠይቅ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሻጭ ዛሬውኑ የ50 ገጽ ደብተር ይግዛ። በግራ የተሸጠውን፣ በቀኝ የወጣውን፣ ከነቀኑ ይጻፍ። ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ነው። ከተቻለ ለንግዱ የተለየ የስልክ ቁጥር ይኑረው፤ ዕቁቡና የዘመድ ገንዘቡ እንዳይቀላቀል። ማስረጃውን ሕጉ እንደሚለው አምስት ዓመት ያቆይ፤ ምስጥ እንዳይበላው በላስቲክ ጠቅልሎ። ሁለተኛ፣ የኮሙኒቲ መሪዎቻችን የገቢዎች ባለሥልጣን ሰው በየዓመቱ ከጁን በፊት ካምፕ ድረስ መጥቶ፣ በአማርኛም በሶማልኛም በአረብኛም እየተተረጎመ እንዲያስረዳ በደብዳቤ ይጠይቁ። የካምፑ ሱቆች ያለባቸውን የደረሰኝ ችግርም በዚያው ያንሱ። ሦስተኛው የኔ ድርሻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤታችን ደብተሩን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ያለ ክፍያ አብሬ እደምራለሁ። ቅጽ ሞልቼ ገንዘብ አልቀበልም። ሒሳብ ብቻ ነው የማስተምረው።

ጎረቤቴ ያን ዓመት በጁን 27 ራሳቸው እያዩ፣ እኔ እየተየብኩ አስታወቁ። ሽያጭ 400,000፣ ትርፍ 116,000፣ የሚከፈል 0። ማረጋገጫውን አሳትመው ከፍራሻቸው ሥር አስቀመጡት። የዕቁብ ዳኛውንም «ብድሩ ይቅር» አሉት። አሁን ማታ ማታ ኪሮሻቸውን ከማንሣታቸው በፊት ደብተራቸውን ያነሣሉ። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ቸር እንሰንብት።